ድራገን ፊሽ ደሴ ይግባ ወይ? ጥያቄዬና የመጡልኝ ምላሾች

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምኖረው ደሴ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። ቤቴ ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። ጎልድ ፊሽና ጥቂት ጉፒዎች አሉበት። ዱባይ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ለበዓል ሊመጣ ነው። ምን ላምጣልህ ሲለኝ ብዙም ሳላስብ የእስያ አሮዋና አልኩት። ድራገን ፊሽ የሚሉት ማለት ነው። ቅርፊቱ ትልልቅ ነው፣ ቀይ ወይም ወርቃማ ሆኖ ያበራል። ከአፉ ጫፍ ሁለት ጢም ይወጣለታል። አንድ ጊዜ በስልክ ቪዲዮ አይቼው ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዓሣው ጥበቃ የሚደረግለት ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ስለ ቤት እንስሳት በሚወያዩበት መድረክ ላይ ጠየቅኩ። ሕጉ ይፈቅዳል ወይ? ወረቀት የሚያስፈልግ ከሆነ ከየት ይወጣል? በሻንጣ ቢመጣስ? በሁለት ቀን ውስጥ ከሠላሳ በላይ ምላሽ ተጻፈ። ብዙ ተምሬበታለሁ፣ አንዳንዱም አናዶኛል። ለሚቀጥለው ጠያቂ እንዲጠቅም በተራ ቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ማብሩክ ብሎ ጀመረ። አብሽር፣ ቦሌ ላይ ዓሣ የሚያይ ሰው የለም አለኝ። ፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልቶ፣ በልብስ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው አለ። እሱም አምና አንድ አሮዋና በዚሁ መንገድ አስመጥቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። መስማት የፈለግኩት እሱን ነበርና።

ምላሽ 2

ሁለተኛው በቁጣ ገባ። ይህ ኮንትሮባንድ ነው፣ በአደባባይ ወንጀል እያስተማርክ ነው ብሎ የኮምቦልቻውን ልጅ አጣደፈው። ዓሣው በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ታፍኖ እንደሚሞትም ጨመረ። ሐሳቡ ልክ ነበር። ነገር ግን ሕጉ የቱ እንደሆነ አልነገረንም። ስድቡም አላስፈላጊ ነበር።

ምላሽ 3

ሦስተኛው በጨዋ ቋንቋ ሁለቱንም አረማቸው። የአየር ጭነት ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ሕያው ዓሣ በአውሮፕላን ሲጓዝ ድርብ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ሲሶው ውሃ ነው፣ የቀረው ንጹሕ ኦክስጅን ይሞላበታል። ከዚያ ሙቀቱ እንዳይለዋወጥ በፎም ሳጥን ይታሸጋል። ከጉዞው በፊት ዓሣው ቀንና ከዚያ በላይ ምግብ አይሰጠውም። በልቶ ከተጓዘ ኩሱ ውሃውን ይበክለዋል፣ አሞኒያው ይገድለዋል። አየር መንገዶች ለሕያው እንስሳ የሚከተሉት የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር (አያታ) ደንብ አለ። ያለ ወረቀት የመጣ ሳጥን ገና ከመነሻው እንደሚመለስ ጻፈ። በጠርሙስ የመጣ ዓሣ በሕይወት ከደረሰ ደግሞ ዕድል እንጂ ዘዴ አይደለም አለ።

ምላሽ 4

እኔ የፈለግኩት መልስ እዚህ ጋ ጀመረ። ጸሐፊው የሕግ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። አደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት አለ፣ ሳይተስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ በ1989 ገብታበታለች። ስምምነቱ ዝርያዎችን በሦስት አባሪ ይከፍላል። አባሪ 1 ውስጥ ያሉት የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ናቸው። ከዱር ተይዘው ለንግድ አይወጡም፣ አይገቡም። የእስያ አሮዋና ያለው እዚያ ነው።

ለምን እንደተመናመነም አስረዳ። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ዓሣው ብዙ እንቁላል አይጥልም። የተጣለውን ደግሞ ወንዱ በአፉ ይዞ ለሳምንታት ይጠብቀዋል። ጫጩቶቹም ከአፉ ውስጥ ያድጋሉ። አጥማጆች አባቱን ይዘው አፉን ከፍተው ጫጩቶቹን ያወጡ ነበር። በአንድ ጊዜ አባትም ልጆችም ይሄዳሉ ማለት ነው። የሚኖርበት ረግረግና ጫካም እየተመነጠረ ነው።

አገር ውስጥ ደግሞ የሳይተስን ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም አለ። ሕያው እንስሳ ስለሆነ የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል። በቅደም ተከተል ሲያስቀምጠው፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄዶ መጠየቅ፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ዓሣው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የጀመርኩት ከመጨረሻው ነበር።

ምላሽ 5

አምስተኛው አራተኛውን አመስግኖ አንድ ቦታ አረመው። የእስያ አሮዋና ፈጽሞ አይነገድም ማለት አይደለም አለ። ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር ውስጥ ሳይተስ ዘንድ የተመዘገቡ ማርቢያዎች አሉ። እዚያ የተወለዱት፣ ወላጆቻቸውም በእርባታ የተወለዱ ከሆነ፣ እንደ አባሪ 2፣ ማለትም በፈቃድ እንደሚነገዱት ዝርያዎች፣ ይታያሉ። እያንዳንዱ ዓሣ ሥጋው ውስጥ ማይክሮቺፕ ይቀበርለታል። ይህ ግን ያለ ወረቀት ይሄዳል ማለት አይደለም። ላኪው አገር የመውጫ ፈቃድ መስጠት አለበት። በዱባይ ዞሮ ከመጣ ደግሞ ኤምሬቶች ዳግም የመላኪያ ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። እነሱም የስምምነቱ አባል ናቸው። ይህ ሁሉ ተሟልቶም አሜሪካ በራሷ ሕግ ይህን ዓሣ አታስገባም። እያንዳንዱ አገር ከስምምነቱ በላይ ማጥበቅ ይችላልና። ሻጩ ሕጋዊ ነው ስላለ ብቻ ማመን እንደማይገባ የገባኝ ከዚህ ነው።

ምላሽ 6 እና 7

ስድስተኛው ብልህ ጥያቄ ጠየቀ። የግል ዕቃ ነው፣ አልሸጠውም ብል አይቀርልኝም ወይ አለ። አራተኛው ተመልሶ መለሰለት። ስምምነቱ አንቀጽ 7 ላይ ለግል ዕቃ ነፃ የሚያደርግ ሐሳብ አለው። ነገር ግን የአባሪ 1 ዝርያ ከሆነና ባለቤቱ ከሚኖርበት አገር ውጭ ገዝቶ ወደ አገሩ የሚያስገባው ከሆነ ነፃነቱ አይሠራም። የእኔ ጉዳይ ልክ እንደዚያ ነው።

ምላሽ 8

ስምንተኛው ሕጉን ትቶ ወደ ደሴ ብርድ ገባ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አሮዋና ደግሞ የሐሩር ዓሣ ነው፣ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ይፈልጋል። ከጦሳ የሚወርደውን የክረምት ብርድ የሚያውቅ ሰው ሂተሩ ሌት ተቀን እንደሚሠራ ይገባዋል። መብራት ሲጠፋስ? ሌላም ነገር አነሳ። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች አለ። ለማንኛውም ትልቅ የአየር ፓምፕና ለመብራት መጥፋት መጠባበቂያ ባትሪ ሳይያዝ አይሆንም። ይህን አሮዋና ለማይፈልጉትም እመክራለሁ።

ምላሽ 9

አንድ ወንድም ከአዲስ አበባ አምስት አንጀል ፊሽ ገዝቶ በሚኒባስ ሲመጣ የገጠመውን ጻፈ። ጣርማ በር ላይ መኪና ተበላሽቶ አራት ሰዓት ቆሙ። ፌስታሉን ጃኬቱ ውስጥ አቅፎ ተቀመጠ። ደሴ ሲገባ በሕይወት የቀሩት ሁለት ነበሩ። ያለቀሰው ሴት ልጁ ስትጠይቀው እንደሆነ ጻፈ። ምላሹ አጭር ነው፣ ሕግም የለበትም። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ያመነታሁት እሱን ሳነብ ነው።

ምላሽ 10 እና 11

አሥረኛው የፊልተር ስፖንጅ ደሴ ውስጥ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። (የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩት፣ እኔም እፈልጋለሁ።) አሥራ አንደኛው ስለታም ነበር። ሕዝቡ በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ እናንተ ስለ ዓሣ ወረቀት ታወራላችሁ አለ። ሰው ያላለፈለት አገር ላይ የእንስሳ መብት ቅንጦት ነው ብሎ ዘጋው።

ምላሽ 12

ይህን የመለሰው ሰው ድምፁን አላነሳም። በጥቅምት 2014 ከተማውን ለቀው ሲወጡ አኳሪየሙን ትቶ ነው የሄደው። በሩን ከመዝጋቱ በፊት ያለውን ምግብ በሙሉ ውሃው ላይ በትኖ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፏል፣ መስታወቱ ተሰብሯል። ዓሣዎቹ ወለሉ ላይ ደርቀው ነበር። ከጠፋው ንብረት ሁሉ ትዝ የሚለው እነሱ እንደሆኑ ጻፈ። የሰው ችግር ስላለ ለእንስሳ ማዘን ይቅር ማለት አልገባኝም አለ። አሥራ አንደኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። እኔም ስክሪኑ ላይ ፈዝዤ ቆየሁ።

ምላሽ 13 እስከ 19

ከዚህ በኋላ ወሬው ደሴ አቅራቢያ ወዳለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ዞረ። አሥራ ሦስተኛው የውጭ ዓሣ ይህን ያህል የሚያስፈራ ከሆነ የሐይቅ ቆሮሶስ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ልክ ነው። የሐይቅ ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ሆን ተብሎ የተጨመረው። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ በእሱ ይኖራል። አሥራ አራተኛው ይህን አልካደም። ግን ሐይቁ መውጫ የሌለው ጥልቅ ውሃ ነው፣ የገባበት ነገር ተመልሶ አይወጣም አለ። ቆሮሶው ከገባ ወዲህ በዓይን የማይታዩት የውሃ ነፍሳት ዓይነታቸው እንደተለወጠ፣ ውሃውም የድሮው ጥራት እንደሌለው ተመራማሪዎች መጻፋቸውን አነሳ። አንድ ዓሣ ለምግብ አስበውበት ሲጨምሩ እንኳ ይህ ከሆነ፣ ማንም ሳያየው ከፌስታል የተደፋው ምን ያደርጋል?

አሥራ አምስተኛው የጣናን እንቦጭ አነሳ። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ነው። ሰው ለጌጥ ብሎ ኩሬው ላይ ተከለው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ፣ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በእጁ ሲነቅል ይኖራል። እንቦጭ ለወሎ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም፣ ጣና ለነቀላ የሄደ ዘመድ ያለው ብዙ ነው።

አሥራ ስድስተኛው ሐይቅ ዳር የሚጠበሰውን ዓሣ አስታወሰና ምራቁን ዋጠ። አሥራ ሰባተኛው ጾም ነው ብሎ ገሠጸው። አሥራ ስምንተኛው ዓሣ በጾም ይበላል አለ። አሥራ ዘጠነኛው አይበላም አለ። ይህ ክርክር ስንት ዘመን የቆየ ነው፣ እዚህም አላለቀም። አስተባባሪው ገብቶ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ጠየቀ። ደግ አደረገ።

ምላሽ 20

ሃያኛውን ብዙ ሰው ሳያነበው ያለፈው ይመስለኛል። አሮዋናን ከወደድክ የራስህን አገር ዘመድ እወቀው አለኝ። ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ውስጥ ሄተሮቲስ የሚባል ዓሣ አለ። ከእስያው አሮዋና ጋር የአንድ ጥንታዊ ወገን ነው። ትላልቅ ቅርፊት፣ ረጅም አካል አለው። ሣር መሀል ጎጆ ሠርቶ ይራባል። ይህን አላውቅም ነበር። አስመጣው ወይም ያዘው ማለቱ አይደለም፣ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ነውና ለሳሎን አይሆንም። ግን ከባሕር ማዶ ስናፈላልግ ባሮን አለማወቃችን ቆጨኝ።

ምላሽ 21 እስከ 24

እዚህ መሀል እኔ ገባሁ። የአክስቴ ልጅ ሻጩን ወረቀት ጠይቆት የምስክር ወረቀት ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ማኅተም አለው፣ የማርቢያው ዓርማ አለው። ቁጥሮቹን ሸፍኜ ፎቶውን ለጠፍኩት። አምስተኛው ወዲያው መለሰ። ይህ ማርቢያው ለገዢ የሚሰጠው የትውልድ ካርድ ነው፣ የሳይተስ ፈቃድ አይደለም አለ። የሳይተሱን የሚያወጣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የላኪና የተቀባይ ስም፣ የዝርያው ሳይንሳዊ ስም፣ ብዛቱና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበታል። የቺፑም ቁጥር በማንበቢያ መሣሪያ ከዓሣው ጋር መመሳከር አለበት። ፎቶ ለማንም ይላካል፣ አንድ ካርድ ለአሥር ዓሣ ሊያገለግል ይችላል ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ሃያ ሦስተኛው ተናደደብኝ። እንዲህ እያልክ መድረኩን የመንግሥት ዓይን ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ነገ ጉፒ ለያዘውም ፈቃድ ይጠየቃል አለ። ስጋቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ አልስማማም። ጥያቄ የማይጠየቅበት መድረክ ለማን ይጠቅማል? አራተኛው ደግሞ ተይዞ የሚወረስ ዓሣ ምን እንደሚሆን ጻፈ። ስምምነቱ ወደ ላከው አገር እንዲመለስ ወይም ለማገገሚያ ማዕከል እንዲሰጥ ይላል። እዚህ አገር ለሐሩር ዓሣ የተዘጋጀ እንዲህ ያለ ቦታ ስም ሊጠራልኝ የቻለ ሰው አላገኘሁም። ዓሣው ወረፋ አይጠብቅም።

ምላሽ 25 እስከ 29

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። ቀብድ እንዳልከፈለ ነገረኝ፣ ተወው አልኩት። መድረኩ ላይም ጻፍኩት። ሦስት ሰዎች ጎሽ አሉኝ። አንዱ ፈሪ አለኝ። ሃያ ዘጠነኛው ደግሞ ጎልድ ፊሽ ለደሴ ብርድ ተስማሚ እንደሆነ፣ ያለ ሂተርም እንደሚኖር፣ 200 ሊትሩን ለእነሱ እንድለቅላቸውና ጉፒዎቹን ለብቻ በሞቀ ውሃ እንዳኖር መከረኝ። ይህን አድርጌዋለሁ።

ምላሽ 30

ውይይቱ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማታ ላይ የመጀመሪያው ሰው፣ የኮምቦልቻው ልጅ፣ ተመለሰ። የዚያ ቀን ድፍረቱ የለም። አምና ያስመጣው ዓሣ አለ፣ አሁን ክንድ አክሏል። ገንዳው ጠበበው፣ እየዘለለ ክዳኑን ይመታል። ምን ዝርያ እንደሆነም አያውቅም። ሚስቱ መሮኛል ብላለች። ቅዳሜ ሐይቅ ወስጄ ልልቀቀው እያሰብኩ ነው አለ።

ምላሽ 31 እስከ 33

አምስተኛው ፎቶ እንዲለጥፍ ለመነው። ለጠፈ። የጀርባው ክንፍ ረጅም ነው፣ ከወገቡ ተነሥቶ እስከ ጭራው ይደርሳል። እንዲህ ያለው የደቡብ አሜሪካው ሲልቨር አሮዋና ነው። የእስያው ክንፍ አጭር ሆኖ ወደ ጭራው የተጠጋ ነው። ሲልቨሩ እንደ እስያው አባሪ 1 ውስጥ የለም። ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ወረቀት መግባቱ ግን ያው ነው። ገና ደግሞ ያድጋል፣ ወደ ሜትር ይጠጋል።

ሁለተኛው፣ ያ ሲቆጣ የነበረው፣ በዚህ ጊዜ አልተሳደበም። ጓሮው ውስጥ የውሃ ታንከር እንዳለው ጽፎ ሌላ ቦታ እስኪገኝ ማቆያ ይሆናል ብሎ አቀረበ። ይህን ሳነብ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ምላሽ 34

የመጨረሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወደ ሐይቅ አትውሰደው አልኩት። ዓሣው ብርዱን ላይችለው ይችላል። ውሃው ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል፣ በፌስታሉ የመጣ ቀንድ አውጣ፣ የተጣበቀ ቅጠል ግን ሊቀር ይችላል። ወደ ቦርከናም አትጣለው አልኩት፣ ቦርከና ጨፋን አልፎ አዋሽ ነው የሚገባው። የገንዳውን ውሃ ሲቀይርም ወንዝ ላይ እንዳይደፋው፣ ደረቅ መሬት ላይ እንዲያፈሰው ጻፍኩለት። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኑ ደውሎ እውነቱን እንዲናገርና ምን ማድረግ እንዳለበት እንዲጠይቅ፣ ብቻውን መሄድ ከፈራ አብሬው አዲስ አበባ እንደምሄድ ነገርኩት። ታንከሩን ለማየት ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ እንደምወርድም ጻፍኩ።

ይህን ስጽፍ ሐሙስ ማታ ነው። መልእክቱን አንብቦታል። መልስ ገና አልጻፈም።